እንኳን አደረሳችሁ፤ ስለ ክሊፍተን ሼኒየርና ስለ ጎረቤታችን

የተወደዳችሁ ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። አበባ ሥላችሁ የላካችሁልኝ ልጆች፣ ሥዕላችሁ ደርሶኝ ከማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እደጉልኝ።

ዘንድሮ በዓሉን የምውለው ግን ልቤ አዝኖ ነው። እዚህ ሂውስተን ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ አጥር የተጎራበትናቸው፣ ልጆቼ «አባባ» ይሏቸው የነበሩት የሉዊዚያና ሰው በሐምሌ ወር ዐርፈዋል። አኮርዲዮንን ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ከቀረጹት ሥራ ቀድሞም አውቅ ነበር፤ ዛይዴኮ የሚባለውን የሉዊዚያና ክሪዮሎች (ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጥቁሮች) የጭፈራ ሙዚቃ ያስተዋወቁኝ ግን አባባ ናቸው።

የአባባ ንጉሥ የዛይዴኮ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ክሊፍተን ሼኒየር ነበር። ባለፈው ሰኔ፣ ሼኒየር በሉዊዚያናዋ ኦፔሉሰስ ከተማ አቅራቢያ ከተወለደ 100 ዓመት በሞላው ቀን፣ ሸክላዎቻቸውን አውጥተው አብረን ስናዳምጥ ዋልን። የአገሩ ሰዎች የሚጫወቱበት ባለ አዝራሩ ትንሽ አኮርዲዮን በጥቂት ቅኝቶች የተወሰነ ስለ ነበር፣ ሼኒየር ግማሽ ድምፆችን ሁሉ የሚያወጣውን ባለ ፒያኖውን መርጦ የክሪዮሎቹን ጭፈራ ከብሉዝ ጋር አዋሐደው፤ ወንድሙ ክሊቭላንድም ከትከሻው ያንጠለጠለውን የቆርቆሮ ሰደርያ በጠርሙስ መክፈቻ እየፋቀ ምቱን ይጠብቅለት ነበር። ዛይዴኮ የሚለው ስም «ፎሶሊያው ጨው የለውም» ከሚል የፈረንሳይኛ አባባል እንደ መጣ ይነገራል፤ ድስቱን የሚያጣፍጥ ጨው የተቀባ ሥጋ ከቤት የጠፋበት የችግር ዘመን ማለት ነው። አባባ ይህንን ሲያስረዱኝ አላስቸገራቸውም፤ ክፉ ቀንን በድስት መናገር እኛም እናውቅበታለን።

ሼኒየር እ.ኤ.አ. በ1984 የግራሚ ሽልማት ሲቀበል ኩላሊቱ ታሞ በማሽን ይታጠብ ነበር፤ ሆኖም መድረኩን አልተወም፣ በ62 ዓመቱ እስካረፈበት እስከ ታኅሣሥ 1987 ድረስ ተጫወተ። አባባ ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እርሳቸውን የከዳቸው ሳንባቸው ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እያለ አኮርዲዮኑን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና፣ ዜማ ለማውጣት ክንዳቸው እንቢ ሲላቸው፣ አየር ማስወጫዋን አዝራር ብቻ ተጭነው ወናፉን ቀስ ብለው ይከፍቱት ነበር። ከአየሩ በቀር የሚሰማ ድምፅ አልነበረም። እኔም ዝም ብዬ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

በየማለዳው ቤታቸው ድረስ ትመጪ የነበርሽው ነርስ፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ። የእድራችን ሴቶች፣ የእድሩ አባል ላልነበሩ ሰው ለቅሶ እንጀራና ወጥ ተሸክማችሁ ስትገቡ የሉዊዚያና ዘመዶቻቸው ተነሥተው የተቀበሏችሁን እስክሞት አልረሳም። ወላጆቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ፣ የሚወዱትን ዜማ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ እኔ የአባባን ድምፅ ሳልቀርጽ ቀርቻለሁ።

ባለቤታቸው እማማ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለቡና ይመጣሉ። ፎሶሊያውን በሥጋ ሠርቼላቸዋለሁ። አኮርዲዮኑንም ይዘው እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ።