14 ኪሎ ሜትር የጎደለው በረራ

ከቦሌ ጅማ ደርሶ መልስ በአየር 526 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለንግድ አብራሪ ፈቃድ የሚጠየቀው ረጅሙ አገር አቋራጭ በረራ ደግሞ ከ540 ኪሎ ሜትር ማነስ የለበትም። የማወራችሁ በሁለቱ መካከል ስላለችው 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ "ማን ያያታል?" ስለተባለችው።

የበረራ አስተማሪ ነኝ። በዚያ መጋቢት ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የተመደብኩት ሶሎ፣ ማለትም ያለ አስተማሪ ብቻቸውን፣ የሚመጡ ተማሪዎችን ለመቀበል ነበር። ሎግ ቡካቸውን (የበረራ መዝገባቸውን) አይቼ እፈርማለሁ፤ ከመነሳታቸው በፊትም አየሩን አብረን እናያለን።

መጀመሪያ ደንቡን ላስቀምጥ፤ ብዙ ተማሪ ግማሹን ብቻ ይዞ ስለሚመጣ ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በኢካኦ፣ አባሪ 1 መሠረት ለንግድ አብራሪ ፈቃድ የሚያመለክት ሰው 200 ሰዓት፣ በጸደቀ ማሰልጠኛ የተማረ ከሆነ ደግሞ 150 ሰዓት መብረር አለበት። በማሰልጠኛ ከተማረ ከዚህ ውስጥ 70 ሰዓቱን አዛዥ ሆኖ መብረር ይኖርበታል። ከአዛዥነት ሰዓቱ ቢያንስ 20ው አገር አቋራጭ ነው፤ ከአገር አቋራጮቹም አንዱ 540 ኪሎ ሜትር (ደንቡ አጠጋግቶ 300 ኖቲካል ማይል ይለዋል፤ አንዱ ኖቲካል ማይል 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ሞልቶ በሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች አርፎ ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። ርቀቱን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ማረፊያውን ግን በሩጫ ያልፉታል። የአውሮፓው ደንብ ሁለቱ ማረፊያዎች ከመነሻው የተለዩ መሆን እንዳለባቸው በግልጽ ጽፎታል፤ እኔም የማስተምረው እንደዚያ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ይበልጥ ያጠብቁታል፤ ሦስት ቦታ ማረፍን ይጠይቃሉ፣ አንዱም ከመነሻው በቀጥታ መስመር ቢያንስ 250 ኖቲካል ማይል መራቅ አለበት። ጅማ ከቦሌ 142 ብቻ ስለሆነች ለዚያኛው አትበቃም፤ መቀሌ ትበቃለች።

በዚያ ቀን የመጣው ተማሪ ኮርሱን ሊጨርስ ነበር። የቀረው ይህ ረጅም በረራ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቼክ ራይድ፣ ማለትም የፈቃዱ የበረራ ፈተና። ዕቅዱ ከቦሌ ጅማ፣ ከጅማ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ቦሌ ነበር። ሦስቱ ሲደመሩ 357 ኖቲካል ማይል፣ ወደ 660 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ሁለት ማረፊያ አለው፣ ርቀቱም ይተርፋል። ወረቀቱ ላይ አንድም እንከን አልነበረበትም።

ግን ከቦሌ ሲነሳ ዘገየ። በቅድመ በረራ ፍተሻ የአንዱ ጎማ አየር ጎድሎ ተገኘ፤ እሱ እስኪስተካከል የጠዋቱ ጥሩ አየር አለፈ። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ተነሳ። ወልቂጤን አለፈ፤ ወልቂጤ በአየር መስመሩ ልክ እኩሌታው ላይ ናት። የግቤን ሸለቆ ተሻገረ፤ የግልገል ግቤን ግድብ ሐይቅ በግራ ትቶ መጣ። 5 ሰዓት አለፍ ሲል በእጅ ሬዲዮዬ ድምፁን ሰማሁ። ንግግሩ የጠራ ነው፤ ግን ይጣደፋል። ታወሩን (የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን) ለተች ኤንድ ጎ ፈቃድ ጠየቀ።

ሐሳቡ ገባኝ። ጎማውን አስነክቶ ወዲያው ቢነሳ የባከነውን ጊዜ ያካክሳል። ሙሉ በሙሉ እንዲቆም ለተቆጣጣሪው ደወልኩለት፤ እሱም "አስተማሪህ ፉል ስቶፕ ይሁን ብለዋል" ብሎ አስተላለፈለት። ትንሽ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ "ፉል ስቶፕ" ብሎ ደገመ። ማረፉን ያማረ አድርጎ አረፈ። መዝገቡ ላይ 0810 ዙሉ (በግሪንዊች ሰዓት) ተብሎ ተጻፈ፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10።

ከአውሮፕላኑ ሲወርድ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። "ካፒቴን፣ እዚህ ብዙ አልቆይም፤ እንዲያው ይፈርሙልኝና ልሂድ" አለኝ። ቀና ብዬ ወደ ምሥራቅ አየሁ። ጅማን የሚያውቅ ሰው ያን ሰማይ ያውቀዋል። ጠዋት ንጹሕ ነው፤ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ነጭ ደመና ብቅ ብቅ ይላል፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ማበጥ ይጀምራል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዋን ጠየቅናት። "ከሰማዩ ከስምንት አምስት እጁ ተሸፍኗል፤ የደመናው ታች ከሜዳው 5,000 ጫማ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ታወሪንግ ኩሙለስ አለ" አለች፤ ወደ ላይ እያበጠ የሚሄድ ደመና ማለቷ ነው። ቀጥላም፣ "ካፒቴን፣ አንድ ሰዓት በፊት ሦስት እጅ ብቻ ነበር" አለችኝ። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው መረጃ ይህ የመጨረሻው ነበር። ደመናው እየጨመረ ነው።

በሴስና አውሮፕላኑ ክንፍ ጥላ ሥር ቻርቱን (የበረራ ካርታውን) ዘረጋን። "አትሄድም" አላልኩትም። ፈቃዱን ሲይዝ አጠገቡ ቆሞ "አትሂድ" የሚለው ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ሒሳቡን ራሱ እንዲሠራ እርሳሱን ሰጠሁት።

የጅማ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 5,500 ጫማ አካባቢ ነው። የደመናው ታች 5,000 ሲደመርበት 10,500 ይሆናል። በዓይን የሚበር አብራሪ ከደመናው ሥር ቢያንስ 1,000 ጫማ መራቅ ስላለበት 9,500 ይቀረዋል። ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መስመር የኦሞን ሸለቆ ተሻግሮ በሆሳዕናና በዱራሜ መካከል ያልፋል፤ እዚያ አካባቢ አምበሪቾ አለ። አምበሪቾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጫማ 10,000 ገደማ። ተማሪው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፈ፤ ለመብረር የተረፈው ከፍታ 9,500፣ ተራራው 10,000። ጠዋት ያቀደው ተራሮቹን እስኪያልፍ በ11,500 ለመብረር ነበር። ያ ከፍታ አሁን ደመናው ውስጥ ነው።

"አምበሪቾን በጎን ዞሬው አልፋለሁ" አለኝ። እልህ ይዞታል፤ አልፈረድኩበትም። "ይቻላል" አልኩት። "ስትዞረው ግን የምትገባው ሸለቆ ውስጥ ነው። ደመናው ዝቅ ካለብህ የምትመለስበት ቦታ የቱ ነው? ቻርቱ ላይ አሳየኝ።" እርሳሱን በመስመሩ ላይ ወሰደው፤ ቆም አደረገው፤ መለሰው፤ እንደገና ወሰደው። የትም አላስቀመጠውም። ነዳጁንም አየን፤ ከ53 ጋሎን ወደ 35 ጋሎን ቀርቶታል። የነዳጅ ችግር የለበትም፤ ግን ነዳጅ ተራራ አያሳልፍም።

ቆይቶ "ወደ ቦሌ ብመለስስ?" አለኝ። የቦሌን ሪፖርት አየን፤ ጥሩ ነው። በወልቂጤ በኩል ያለው ሰማይ ክፍት ነበር። ያው 9,500 ጫማ ወደ ሐዋሳ አደጋ ሲሆን ወደ ቦሌ ግን ይበቃዋል፤ በዚያ መስመር ላይ ያለው መሬት ዝቅ ይላል፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ለሚበርም የሚፈቀድ ከፍታ ነው። ውሳኔውን ያሳለፈው ራሱ ነው። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። ሁለቴ 142 ሲደመር 284 መሆኑን ያለ ወረቀት ያውቀዋል። በረራው አይሞላም።

ስልኬ የጠራው በዚህ መሃል ነው። ከማሰልጠኛው አንድ የበላይ ነበሩ፤ ሁኔታውን ነገርኳቸው። "እንግዲህ የጎደለችው 14 ኪሎ ሜትር አይደለች? ወሊሶ ላይ ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ይምጣ፤ ትሞላለች። አውሮፕላኑ ነገ ለሌላ ተማሪ ተመድቧል፤ ቀጠሮ እያበላሸን ነው" አሉኝ። "ሁለተኛው ማረፊያስ?" አልኳቸው። "ቦሌ ሲያርፍ ይሞላል፤ ማን ያያታል?" አሉ።

ሰውየው ክፉ አይደሉም። ወረፋው ያስጨንቃቸዋል፤ አውሮፕላኑ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነው። እኔ ግን እዚህ ነጥብ ላይ ምንም ማለሳለስ አልችልም። ርቀትማ አንድ ሜዳ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ውለውም ይሞላል። ደንቡ ያንን ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ማረፊያ ባልጠየቀ። የማያውቀው ሜዳ ላይ አርፎ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ አዲሱን አየር አይቶ፣ "እቀጥላለሁ ወይስ አልቀጥልም?" ብሎ ብቻውን እንዲወስን ነው የተጻፈው። ተች ኤንድ ጎ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ልጁ ያን ደመና የሚያየው በአፍንጫው ላይ ሲደርስ ነበር። በዚህ ፈቃድ ሰው ተከፍሎት ሰው ይጭናል። ከኋላው የሚቀመጠው የአንድ ቤት እናት፣ የአንድ ቤት ልጅ ነው። "ወሊሶ ላይ ዞር ዞር" ብሎ የሞላ ወረቀት ይዞ እንዲጭናቸው የምፈርምበት እጅ የለኝም።

"በረራው እንደተበረረው ይጻፋል፤ ቦሌ፣ ጅማ፣ ቦሌ" አልኳቸው። አልተደሰቱም። ግን አልተቃወሙም።

ተማሪው ስልኩን ሰምቷል። አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሎግ ቡኩን ብቻ ከፍቶ ሰጠኝ፤ የጅማን ማረፍ ፈረምኩለት። በነገራችን ላይ በረራው ከንቱ አልሆነም፤ ሰዓቱ ከ20ው የአገር አቋራጭ ሰዓት ይቆጠርለታል። ያልተቆጠረለት ረጅሙ በረራ ብቻ ነው። ይህን ስነግረው ትንሽ ቀለል አለው።

6 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ 27 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በዚያ ሙቀት የጅማ ሜዳ ለሞተሩ ከ8,000 ጫማ በላይ ያለ ያህል ነው፤ አየሩ ይሳሳል። ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑን ይዞ ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መስጫ) ሙሉ ሰጠ፤ ቀዩን የሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ) እጀታ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሳበው፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ፣ ከፍ፣ ከዚያ ጠራ አለ። እዚያው ላይ ተወው። ብዙዎች በችኮላ ቀን መጀመሪያ የሚዘሉት ይህንን ነው፤ እሱ አልዘለለውም። ቦሌ በሰላም ገባ።

"በኋላ ምሥራቁ ዘነበ ወይ?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አልተከታተልኩም። ደመናው በኋላ ተበትኖ ቢሆን እንኳ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የተወሰነው 5 ሰዓት ተኩል ላይ በሚታየው ሰማይ ነውና።

ከዚያ በኋላ ከማሰልጠኛው ጋር ቁጭ ብለን መስመሩን ገለበጥነው፤ ቦሌ፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ቦሌ። ርቀቱ ያው 357 ነው፤ ማረፊያዎቹም ያው ናቸው። ልዩነቱ ተራራ የሚበዛበት መንገድ ጠዋት፣ ደመናው ሳያብጥ መታለፉ ነው፤ አየሩ ቢበላሽም ተማሪው ቀድሞ ሁለቱንም ማረፊያ ጨርሷል፣ የሚቀረውም ዝቅ ባለው መሬት ላይ ወደ ቦሌ መግባት ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ለሚነሳ ተማሪም ረጅሙ በረራ ለሌላ ቀን እንዲዛወር ተስማማን። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያቀረቡት እነዚያው ስልክ የደወሉልኝ የበላይ ናቸው። ተማሪው በተገለበጠው መስመር ደግሞ በረረ፤ ጅማ የደረሰው 4 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ሁለቱም ማረፊያዎች ተፈርመውለት ለቼክ ራይድ ቀረበ።