ዓሳ ልበላ ሄጄ

ሐዋሳ የሄድኩት ዓሳ ልበላ ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ከአዲስ አበባ በጠዋት ወጣን፤ ዝዋይንም ሻሸመኔንም ተኝቼ አለፍኳቸው። መናኸሪያ ስወርድ የባጃጁ ልጅ 150 ብር አለኝ፣ ከፈልኩ። የማድርበት ፔንሲዮን በር ላይ ወርጄ ዞር ስል የመናኸሪያው አጥር ይታያል። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብዬ ስኩራራ ኖሬ!

ሌሊቱን ተዉት። አጎበሩ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው፣ ቢንቢው ደግሞ ቀዳዳውን ከእኔ ቀድሞ አውቆታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ተነሳሁና ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ።

ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆች ቆሮሶ ዓሳ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳዎቹ አንገታቸውን ቀብረው የዓሳ ሆድቃ ይጠብቃሉ። አንዱ አግዳሚ ላይ ልቀመጥ ስል ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ «እዚያ ዘይቱ የትናንት ነው፣ ወዲህ ና» አሉኝ። ሾርባም አዘዙልኝ። ያን የመሰለ ሾርባ ጠጥቼ አላውቅም፤ እንቅልፍ ማጣቴም ሳያግዘው አልቀረም።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ደቡብ ኦሞ ነው። እኔም አላርፍ ብዬ፣ «የከብት ሌቦች አገር ነበሩ በሉኛ» አልኳቸው። ኩባያውን አስቀመጡ።

«ሌባ አትበል። ሌባ ስሙን ይደብቃል። ከብት ሊያመጣ የዘመተ ልጅ ግን ተዘፍኖለት ነው የሚገባው።»

እዚያ ጥሎሹ ከብት ነው። ድርቅ በረቱን የጨረሰበት ጎረምሳ ከየት አምጥቶ ያግባ? ድሮ ጦር ይዞ፣ ካገኘም አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ይሄዳል። ብዙ ሰው ስለሚያስፈልግ የሽማግሌ ምርቃት ግድ ነው። ሰው ይሞታል፣ አይሞትም አላሉም። ግን ማን ማንን እንደወጋ ይታወቃል፤ ስለዚህ ካሳም ዕርቅም መነሻ አለው።

ከዚያ ክላሽ መጣ። በሱዳን ጦርነቱ በ1975 እንደገና ሲነሳ መሣሪያው ድንበር ተሻገረ። የደቡብ ኦሞዎቹ ከብት አርቢዎች ኛንጋቶሞች ወዲያ ማዶ ካሉት ዘመዶቻቸው ከቶፖሳዎች አገኙ። ጎረቤቶቻቸው ሙርሲዎች ያኔ የያዙት አሮጌውን ጠመንጃ ነበር። በ1979 ኛንጋቶሞች ደቡቦቹን ሙርሲዎች መቱ። የሞተው በመቶዎች ነው። ጋሼ አገሩን የረገጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ «ወሬው ገና ትኩስ ነበር» አሉ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ደግሞ የተበተነው ሠራዊት መሣሪያ በየገበያው ፈሰሰ። ሙርሲዎችም ታጠቁ።

«ክላሽ ከያዘ አምስት ልጅ ይበቃል እኮ! ሽማግሌውን ምን ብሎ ያስፈቅዳል? ጨለማ ውስጥ ይተኩሳል፣ ሴት ይመታ ሕፃን ይመታ አያየውም። በኋላ ለዕርቅ ስንቀመጥ ገዳዩ ማነው? እሱ ራሱ አያውቅም። ስለዚህ ደሙ የሁሉም ይሆናል።»

እኔ ይህን ስሰማ እሳቸው ወደ ገንዲ ዞሩ፤ ቆላ ዝንብ ወደሚያስተላልፈው የከብት በሽታ። (የሐኪም ነገር!) በሁለቱ ጎሳዎች መሀል ያለው ጥሩ ሣር ሰው ፈርቶት ባዶውን ይቀራል። ከብቱ ደግሞ ቆላ ዝንብ ወዳለበት ጫካ ይገፋል፣ እዚያ ገንዲ ይጨርሰዋል። መድኃኒት ይዘው ሲደርሱ በረቱ ባዶ ሆኖ የሚጠብቃቸው ጊዜ ነበር። ጥይት ከገደለው ከብት ይልቅ በዚህ የሞተው ያንገበግባቸዋል፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

የ2008ቱን ጋምቤላ አነሳሁባቸው። የሙርሌ ታጣቂዎች ከደቡብ ሱዳን ገብተው ከ200 በላይ ሰው የገደሉበት፣ ከ100 በላይ ሕፃናትና ከ2000 በላይ ከብት የነዱበት። «በሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ እንዳንተው» አሉና ዝም አሉ። ሐይቁን አየን።

ዝምታው ሲከብደኝ የመንዙን አያቴን አነሳሁ። ምንሽሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያረጀው፣ የሚወርደው ለለቅሶ ብቻ ነበር።

«ጥይቱ ስንት ነበር?»

«አራት። በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ሳጥን ውስጥ። አያቴ በየፋሲካው ይቆጥሩት ነበር።»

ጋሼ ሳቁ። «የነሱም ሽማግሌዎች ድሮ እንደዛ ነበር የሚቆጥሩት።»

ጥብሱ መጣ፣ በዳጣ በላን፣ ሂሳቡን አላስነካም አሉ። ስንወጣ ባጃጅ ጠርተው ልጁን በሲዳምኛ ተቆጡልኝ። እስከ መናኸሪያ 50 ብር።