ጠዋት የማይሞቅ፣ ጊቤ ላይ የሚፈላ ሞተር

መኪና ውሃ አፈላ ሲባል ሾፌሩ አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ይዞ ነው ወደ ጋራዥ የሚመጣው፤ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው የሞተሩ ራስ) ይከፈት። ጅማ አጂፕ አካባቢ ወደምሠራበት ጋራዥ ቶዮታ ዶልፊን ሚኒባሳቸውን ይዘው የመጡት ሰውዬም እንዲሁ ነበሩ። ሌላ ጋራዥ ዋጋ ነግሯቸዋል፣ ገንዘቡንም አዘጋጅተዋል። የቀራቸው ዋጋ የሚቀንስላቸው ሰው ማግኘት ብቻ ነበር።

«መቼ ነው የሚሞቅብዎት ጋሼ?»

«ጊቤን ተሻግሬ ወደ አበልቲ ስወጣ ነዋ!»

«ቆመው ተሳፋሪ ሲጭኑስ?»

«ኧረ ያን ጊዜ ምንም አይል። ጠዋትማ ከዚህ ተነስቼ አሰንዳቦ እስክደርስ የሙቀት ጠቋሚው ከታች ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ዳገቱ ነው የሚያበላሸው።»

ይህን ያሉት ሞተራቸውን ለማመስገን ነው። እኔን ግን ያሳሰበኝ ከመፍላቱ ይልቅ ጠዋት አለመሞቁ ነበር። ቆሞ ሲሠራ የሚሞቅ ሞተር ከሆነ መጀመሪያ ማራገቢያውን እጠረጥራለሁ፤ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ የሞተሩን ውሃ ወደሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ነፋስ የሚስበው እሱ ነውና። ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ በበቂ መጠን እያለፈ ላይሆን ይችላል፤ የጊቤ ሸለቆ ሙቀት ሲጨመርበት ጉድለቱ ይጋለጣል። የተደፈነ ራዲያተር ግን ጠዋት ሞተሩን እስከ አሰንዳቦ አያቀዘቅዘውም። ሁለቱን ጠባይ በአንድ ጊዜ የሚያመጣ ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ቴስታታውን ከጥርጣሬ ለማውጣት ብዙ ድካም አልጠየቀም። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን አስነሳነው። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ገብቶ በአፉ በኩል አረፋ ሲያንተከትክ እናይ ነበር፤ አላየንም። የዘይት መለኪያውን ብንመዘው ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ውሃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ነው የሚመስለው። ከጭስ ማውጫውም ነጭ እንፋሎት አይወጣም። ቴስታታው ደህና ነው ብላቸው ደስ የተሰኙ አልመሰሉኝም፤ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ቢገላገሉ ይሻላቸው ነበር መሰለኝ።

ክዳኑ ግን ጤነኛ አልነበረም፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የራዲያተር ክዳንን እንደ ድስት ክዳን ተራ ነገር የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ክፍት ዕቃ ላይ የተጣደ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። 0.9 የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ገደማ ያደርሰዋል። ክዳኑ ሲያፈስ ይህ ሁሉ ልዩነት ይጠፋል።

ከዚያ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው ተርሞስታት የሚቀመጥበትን ቤት ፈታሁ። ባዶ ነው።

«አስወጥቼው ነው እኮ! ያኔ ሞቅ ሞቅ ሲለው፣ ውሃው እንደ ልቡ ይዘዋወር ብለው አውጥተው ጣሉት።»

በከተማችን ብቻ አይደለም፣ በየመንገዱ የተለመደ መድኃኒት ነው። ትርጉም የሚሰጥ ይመስላል፤ በር ከተነሳ መንገዱ ሰፋ። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ሞተር ተርሞስታት ሁለት በር ነው ያለው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን ይዘጋና ውሃውን በአቋራጭ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ያዞረዋል፤ ሲሞቅ ራዲያተሩን ይከፍትና አቋራጩን ይዘጋል። ዕቃው ከወጣ ሁለቱም መንገዶች ሁልጊዜ ክፍት ናቸው። ጠዋት ሜዳ ላይ ወደ ራዲያተር የሚያመልጠው ውሃ ሞተሩን ከመሞቅ ይከለክለዋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ በአቋራጩ ተመልሶ ይገባል። የቶዮታ የጥገና መመሪያ ራሱ፣ ሞተሩ የመሞቅ ጠባይ ቢኖረው እንኳ ተርሞስታቱን አታውጡ ብሎ ያስጠነቅቃል።

ሰውዬው አልተዋጠላቸውም። «የሚሞቅ ሞተር ላይ መዝጊያ ልትገጥምብኝ?» አሉ። ከጎናችን ቡና ከምታፈላው ልጅ ድስት ተዋስን፤ «ዘይት ብታስነኩት አልቀበላችሁም» እያለች ሰጠችን። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ 82 ተብሎ የተጻፈበትን አዲስ ተርሞስታት በሽቦ አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ ከተትኩት። ውሃው ሊፈላ ሲል መሐሉ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ አውጥቼ ሳቀዘቅዘው ተዘጋ። ሰውዬው ወስደው ራሳቸው ደገሙት። አንድ ነገር ልጨምር፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ጥግ ድረስ የሚከፈተው 95 አካባቢ ስለሆነና የጅማ ውሃ ከዚያ በፊት ስለሚፈላ፣ እዚህ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ ብልሹ ነው ብሎ መጣል አይገባም።

መጀመሪያ ሞቅ ሞቅ ያሰኘው ምን እንደነበረ የታወቀው ራዲያተሩን ስናጥበው ነው። ረዳቱ ከየወንዙ ሲቀዳ የኖረው ውሃ ያመጣው ደለል ከታች ወጣ፤ ከውጭ በኩል ደግሞ ነፋስ በሚያልፍባቸው ስስ ክንፎቹ መካከል የነፍሳት ቅሪትና የቡና ገለባ ተጠቅጥቋል። ከውስጥም ከውጭም በስሱ ውሃ አጠብን፤ ብርቱ ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ተርሞስታቱን የአየር መውጫዋን ቀዳዳ ወደ ላይ አድርጌ ገጠምኩ፤ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና ንጹሕ ውሃ እኩል ቀላቅለን ሞላን። ሞተሩ ክዳኑ ተከፍቶ እየሠራ አየሩ እስኪወጣ ጠብቀን ጎደሎውን ጨመርን፤ አዲሱን ክዳንም ገጠምን።

ለሙከራ ወደ ጅረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት ይዘን ወጣን። ጠቋሚው መሐል ላይ ቆመ። ክርክሩ የተነሳው ሒሳብ ላይ ነው፤ ለቴስታታ ማስከፈቻ ያን ሁሉ ብር ይዘው የመጡ ሰው ለእጅ ዋጋ መቶ ብር ሲቀንሱ ሲጨምሩ አመሹ።

ከዚያ በኋላ ከአበልቲ ደወሉ። ጊቤን ወጥተዋል፣ አልፈላም። አሁን ግን ሌላ ስጋት ይዟቸዋል፤ «ጠዋት ገና ከጅማ ሳልወጣ ጠቋሚው መሐል ደረሰ። ምን ይሻለኛል?»

«ምንም አይሻልዎትም ጋሼ፤ እንደዚያ ነው የሚሠራው» አልኳቸው። «ይልቅ ነገ ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ ክዳኑን ከፍተው ውሃው ጎድሎ እንደሆነ ይዩልኝ።»