ድምፁን አጥፍቼ ያየሁት ጦርነት

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጄ ሶፋው ላይ ጭኔን ተንተርሳ ተኝታለች። ብነሳ ትነቃለች፣ ብትነቃ ደግሞ እስኪነጋ ድረስ አለቀልኝ። ሪሞቱን እንደምንም ስቤ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩና ድምፁን ጭራሽ አጠፋሁት። ከዚያ ልጅ ሆኜ ከአባዬ ጋር ያየሁትን «ዘ ወርልድ አት ዋር»ን ፈልጌ ማየት ጀመርኩ።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 እና 1974 ብሪታኒያ ውስጥ የታየ ባለ 26 ክፍል ዘጋቢ ፊልም ነው። ተራኪው እንግሊዛዊው ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየር ነው። አባዬ በቪዲዮ ካሴት ነበረው። ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሳ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ግን ያም የጦርነቱ አካል ይመስለኝ ነበር።

ያኔ የምጠብቀው ታንክ ነበር። ታንክ ሲመጣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ እስብና በአንድ ዓይኔ አያለሁ። ትናንት ግን ታንኩ ድምፅ የለውም። ድምፅ የሌለው ታንክ አያስፈራም። ጭቃ ውስጥ የሚንገዳገድ ትልቅ ትራክተር በሉት። ፈገግ አልኩ፣ ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ግንባር ላይ የተቀረጸው ፊልም አብዛኛው እንዲሁ ድምፅ አልባ ነበር። የመድፉ ጩኸት፣ የታንኩ ጉርምርምታ፣ ፍንዳታው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ የከተተኝ እንግዲህ የጀርመን ታንክ ሳይሆን ስቱዲዮ የተቀመጠ አንድ የድምፅ ባለሙያ ኖሯል።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ሌሎቹም ተራ በተራ መጡብኝ።

«ማሽ»ን እናንሳ። ኮሪያ ውስጥ ያለ የአሜሪካ ጦር የመስክ ሆስፒታል ላይ የተሠራ ኮሜዲ ነው። የኮሪያ ጦርነት ሦስት ዓመት ፈጀ፣ ተከታታይ ፊልሙ ግን ከ1972 እስከ 1983 ድረስ 11 ዓመት ሄደ። ጣቢያው ከቀልዱ ጀርባ የተቀዳ የተመልካች ሳቅ እንዲገባ ፈለገ። ሠሪዎቹ አልፈለጉም። በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ሳቅ አይገባም። ልጅ ሆኜ ይህን ማን ነግሮኝ! ግን ሐኪሞቹ ጭምብላቸውን አጥልቀው ቁስለኛው ላይ ሲያጎነብሱ ቀልዱ ባይቆምም እኔ ዝም እል ነበር። አድጌ ነገሩን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩ። እንዴ፣ መቼ እንደምስቅና መቼ እንደማዝን ሌላ ሰው ወስኖልኝ ነበር ማለት ነው!

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከው የኬን በርንስ ዘጋቢ ፊልምም አለ፣ በ1990 የወጣው። ያ ጦርነት ከ1861 እስከ 1865 ነው፤ ተንቀሳቃሽ ምስል የሚባል ነገር አልነበረም። ያለው ፎቶ ነው። ካሜራው የቆመው ፎቶ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ከአንድ ወታደር ፊት ተነስቶ እጁ ላይ ይደርሳል፣ ከኋላ ቫዮሊን ያለቅሳል። የመጀመሪያው ክፍል ሊያልቅ ሲል ሱሊቫን ባሉ የተባለ መኮንን ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ይነበባል። ከጻፈው ከሳምንት በኋላ ጦር ሜዳ ቆሰለ፣ ከዚያም ሞተ። በዚያ ቫዮሊን ያላለቀሰ ሰው ካለ አላውቀውም። ዜማው የዚያን ዘመን ሙሾ ይመስለኝ ነበር። ለካ በ1982 የተደረሰ ነው! ወታደሮቹ ሰምተውት አያውቁም። እውነቱን ለመናገር ይኼኛው አላናደደኝም። ለምን «ማሽ» አናዶኝ ይኼ እንዳላናደደኝ ግን መልስ የለኝም።

ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቢቢሲ በ1964 የሠራው «ዘ ግሬት ዋር» ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት። እሱም 26 ክፍል ነው። እውነተኛውን የጦር ሜዳ ምስልና በልምምድ ቦታ የተተወነውን ሳይለይ ደባልቆ አቀረበ። ምስሉን የሰጠው የጦርነት ሙዚየም ቅር ተሰኘ። የሙዚየሙ ዳይሬክተር ኖብል ፍራንክላንድ በኋላ ለ«ዘ ወርልድ አት ዋር» የታሪክ አማካሪ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገረኛ አማካሪ ማግኘት መታደል ነው።

ወደ ትናንት ማታው ልመለስ። ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊልሙ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ጦርነቱ የሚያወሩት ማለቴ ነው። ልጅ እያለሁ እነሱ ሲመጡ ውኃ ልጠጣ እነሳ ነበር። ትናንት ጭኔ ተይዟልና የት ልሂድ! ድምፅ ሲጠፋ የሚቀረው ፊት ብቻ ነው። አንዱ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ሌላው ወደ ጎን ያያል።

ቀጥሎ አልበርት ሽፔር መጣ፣ የሂትለር የጦር መሣሪያ ሚኒስትር። ኑረምበርግ ላይ 20 ዓመት ተፈርዶበት በ1966 ከእስር ወጣ። እሱን በደንብ አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም አባዬ ይወደው ነበር። «ከእነዚያ ሁሉ መሃል ጥፋቱን የሚያምን ሰው እሱ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። እውነትም አነጋገሩ እርጋታ አለው። ኃላፊነቱን እቀበላለሁ ይላል፣ ስለ አይሁዶች ጭፍጨፋ ግን አላውቅም ነበር ባይ ነው። እኔም አምኜው ነው ያደግኩት። ከሚንተባተበው ይልቅ አሳክቶ የሚናገረውን ማመን ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ግን አንድ ደብዳቤ ይፋ ወጣ። ሽፔር በ1971 የጻፈው ነው፣ የአንድ ቤልጅየማዊ አርበኛ ሚስት ለነበረች ሴት። የናዚው ኤስኤስ ጦር አዛዥ ሂምለር በጥቅምት 1943 ፖዘን ከተማ (የዛሬዋ የፖላንድ ፖዝናን) ላይ አይሁዶች በሙሉ እንደሚገደሉ ሲናገር እዚያው እንደነበረ ሽፔር ራሱ አምኗል። ልብ በሉ፣ ደብዳቤው ከፊልሙ ሁለት ዓመት ይቀድማል።

ትናንት ድምፅ ሳይኖር አየሁት። ፊቱ ላይ ውሸት አየሁ ብል እኔ ራሴ ውሸታም ነኝ። ምንም አይታይም። ደህና አዛውንት ነው የሚመስለው።

ዛሬ ጠዋት ለአባዬ ደወልኩና የደብዳቤውን ነገር ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ።

«አፈ ቅቤ!» አለ በመጨረሻ። «ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳሞግሰው ኖሬ!»

ከዚያ ወሬውን ቀየረ። «የመጀመሪያዋ ላይ የምትታየው የፈረሰችው መንደር ትዝ ትልሃለች?» አለኝ። ኦራዱርን ማለቱ ነው፣ የፈረንሳይዋን። በሰኔ 1944 የጀርመን ወታደሮች ከ640 በላይ ሰው የፈጁባት መንደር ናት። እስከ ዛሬ እንደፈረሰች ተትታለች። ፊልሙ በእሷ ይጀምራል፣ በእሷው ያልቃል።

«ትናንት አይቻታለሁ፣ ያለ ድምፅ» አልኩት።

«እሷስ ድምፅም አያስፈልጋት» አለና የልጅቷን ደህንነት ጠየቀኝ።