ከሃሪድዋር እስከ ሩርኪ፦ ወታደር መሐንዲሶች የሠሩት ቦይ

በሰሜን ሕንድ ከሃሪድዋር ከተማ ተነሥቼ፣ ከጋንጀስ ወንዝ የመስኖ ውሃ የሚወስደውን የጋንጀስን ቦይ ዳር ይዤ ወደ ሩርኪ ከተማ ወረድኩ፤ መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ መሐል ከተራራ የሚወርዱ አራት ደራሽ ወንዞች ቦዩን ያቋርጡታል። ራኒፑርና ፓትሪ በግንብ አሸንዳ በቦዩ አናት ያልፋሉ። ራትማው ዳናውሪ ላይ ከቦዩ ጋር ተቀላቅሎ በማዶ በኩል በመዝጊያ በሮች ይወጣል። ሶላኒ ግን ዝቅ ብሎ ስለሚፈስ ቦዩ ራሱ በላዩ መሻገር ነበረበት።

ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1842 ተጀምሮ ቦዩ በ1854 ተከፈተ። ሥራውን የመራው ፕሮቢ ኮትሊ የቤንጋል መድፈኛ መኮንን ነበር። ቅየሳና ግንባታ የሚያውቅ ሰው በብዛት የሚገኘው በጦሩ ውስጥ ስለነበር፣ ያን ጊዜ ሕንድን ይገዛ የነበረው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መንግሥት መሐንዲሶቹን ከዚያ ይዋስ ነበር።

የሶላኒ መሻገሪያ 280 ሜትር ይረዝማል። 15 ቅስቶች አሉት፤ የእያንዳንዱ ስፋት 15 ሜትር ነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ ነው፤ ቢቆፈር ውሃ ይሞላል፣ ዳሩም ይናዳል። መፍትሔው የተገኘው ከአገሬው የጉድጓድ ቆፋሪዎች ነው። ወርዱም ቁመቱም 6 ሜትር የሆነ ግንብ ይገነባል፤ በውስጡ ከላይ እስከ ታች አራት ጉድጓዶች ይተዉለታል። በእነዚህ በኩል ከሥር ያለው አሸዋ ሲወጣ ግንቡ በገዛ ክብደቱ ይሰምጣል። አራቱም እኩል ካልተቆፈሩ ግንቡ ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ከፍ ባለው ወገን አብዝቶ በመቆፈር ይቃናል። የመሻገሪያው ምሰሶዎች የቆሙት እንዲህ በሰመጡ ግንቦች ላይ ነው። በእኔ እምነት የመኮንኖቹ ትልቁ ብልህነት ይህን የአገሬውን ሙያ ሳይንቁ መቀበላቸው ነው።

ከመሻገሪያው ወዲህና ወዲያ ቦዩ የሚሄደው በአማካይ 5 ሜትር ከፍታ ባለው የአፈር ካብ ላይ ነው፤ ውሃው አፈሩን እንዳይበላው ዳርና ዳሩ በደረጃ ግንብ ተለብሷል።

ስህተቱ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ቦዩ ከሚገባው በላይ ስላዘቀዘቀ ውሃው ፈጠነ፤ ወለሉን ቦረቦረ፣ ውሃው ወደ ዝቅተኛ ደረጃ የሚወርድባቸውን ግንቦችም ከሥራቸው አጋለጠ። ያን ያህል ውሃ በሰው ሠራሽ ቦይ ያስኬደ ልምድ በእጃቸው አልነበረም፤ ኋላ ቦዩን እንደገና ማስተካከል ግድ ሆነ።

የባለሙያ እጥረቱን ለማቃለል በ1847 ሩርኪ ላይ የምህንድስና ኮሌጅ ተቋቋመ። ቢሆንም ጦሩ ያዋሰውን ሰው በፈለገው ጊዜ መልሶ ይወስድ ነበር። ከኮትሊ በኋላ ቦዩን ይመራ የነበረው ቤርድ ስሚዝ በ1857 ከሩርኪ ተጠርቶ፣ የእንግሊዝ ጦር በአመፀኞች የተያዘችውን ዴልሂን ሲከብ የከበባው ዋና መሐንዲስ ሆነ።