ከማረጥ በኋላ ቴስቶስቴሮን፦ ለማን፣ ለምን እና ምን ያህል

ጅማ ውስጥ፣ ከሄርማታ መርካቶ ብዙም በማይርቅ ፋርማሲ ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የእኔም የወር አበባ ከቆመ ቆይቷል። ቀደም ሲል በዚህ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው የሚጠይቁኝ ስለ ሌሊት ላብ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት እና ስለ ጉልበት ሕመም ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን በስልካቸው ላይ ስሙን ጽፈው የሚያሳዩኝ መድኃኒት ቴስቶስቴሮን ሆኗል። አንዷ ውጭ አገር ያለች እህቷ እየተጠቀመችበት እንደሆነ ነግራታለች፤ ሌላዋ ደግሞ ጉልበት፣ እንቅልፍ፣ ማስታወስና ፍቅር በአንድ ጊዜ ይመልሳል የሚል ቪዲዮ አይታለች። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ወረፋ እየጠበቁ ባሉ ሰዎች ፊት ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ላስቀምጠው ፈልጌአለሁ። ቴስቶስቴሮን ላረጠች ሴት የሚታዘዝበት አንድ በጥናት የተረጋገጠ ምክንያት አለ። ከዚያ ውጭ የሚነገርለት ነገር ማስረጃ የለውም፤ ለወንድ የተመጠነው መጠን ደግሞ ለሴት ጉዳት ነው።

ብዙዎች ቴስቶስቴሮንን የወንድ ሆርሞን ብቻ አድርገው ስለሚያውቁት ስሙን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። የሴት አካልም ያመርተዋል። ከፊሉ ከእንቁላል ማመንጫዎችና ከኩላሊቶች በላይ ከተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች በቀጥታ ይወጣል፤ ሌላው እነዚሁ ዕጢዎች ከሚለቋቸው ሆርሞኖች በስብና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ተለውጦ ይገኛል። ኢስትሮጅን ራሱ የሚሠራው ከእነዚህ ሆርሞኖች ነው። የቴስቶስቴሮን መጠን ከሃያዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየወረደ ይመጣል፤ አንዲት ሴት አርባዎቹን ስታጋምስ ብዙው ቅናሽ ቀድሞ አልፏል። በማረጥ ወቅት እንደ ኢስትሮጅን በድንገት አይወድቅም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በሃምሳ ዓመት አካባቢ የሚመጣውን ለውጥ ሁሉ «ቴስቶስቴሮንሽ ስላለቀ ነው» ብሎ ማስረዳት ከአካሉ አሠራር ጋር አይገጥምም።

ሁለቱም የእንቁላል ማመንጫዎቿ በቀዶ ሕክምና የወጡባት ሴት ጉዳይ ግን ይለያል። በእሷ ላይ መጠኑ በአንድ ጊዜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ኢስትሮጅኑም አብሮ ይወድቃል፤ ሠላሳ ስምንት ወይም አርባ ዓመቷ ሊሆን ይችላል። ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ ለማህፀን ቀዶ ሕክምና ጅማ መጥተው ከተመለሱ ሴቶች መካከል የእንቁላል ማመንጫቸው ይውጣ ይቅር በትክክል የማያውቁ አጋጥመውኛል። «ማህፀኔ ወጥቷል» ይሉኛል፤ ከማህፀኑ ጋር ምን አብሮ እንደወጣ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ይህ በኋላ በሚሰጣቸው ሕክምና ላይ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ መረጃ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት የመውጫ ወረቀቷን ልታስቀምጥ፣ ምን እንደወጣም ሐኪሙን በግልጽ ጠይቃ ልታጽፍ ይገባታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 በማረጥና በሆርሞን ሕክምና ላይ የሚሠሩ ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ የጋራ አቋም አውጥተዋል። በዚያው ዓመት 36 ጥናቶችንና 8,480 ሴቶችን ያካተተ ሰፊ ግምገማም ታትሟል። ከሁለቱም የሚገኘው መልስ አንድ ነው፤ ካረጡ በኋላ የግብረ ሥጋ ፍላጎታቸው የቀነሰ፣ በዚህም ራሳቸው የሚጨነቁ ሴቶች ቴስቶስቴሮን በልክ ቢሰጣቸው ይጠቀማሉ። ጥቅሙ ተአምር አይደለም። በጥናቶቹ ውስጥ አርኪ ግንኙነት በአማካይ በወር በአንድ ገደማ ጨምሯል፤ ፍላጎትና እርካታ ተሻሽሏል፤ ጭንቀቱም ቀንሷል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከባለቤቷ ጋር ወራት ጀርባ ተሰጣጥታ ለምትተኛ ሴት ትንሽ ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል ስሜትን፣ የማስታወስ ችሎታን፣ የአጥንት ጥንካሬን ወይም ጡንቻን ለማሻሻል ቴስቶስቴሮንን ለማዘዝ የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። ለድካም ብሎ መውሰድም እንዲሁ ነው። የደከመች ሴት መጀመሪያ የደም ማነሷ፣ የታይሮይድ ዕጢዋና የስኳር መጠኗ ሊታይላት ይገባል።

«ራሳቸው የሚጨነቁ» የሚለውን አጥብቄ የምናገረው ባንኮኒው ላይ በየጊዜው ስለሚገጥመኝ ነው። ፍላጎቷ ቀንሶ በዚህ ምንም ቅር የማይላት ሴት በሽተኛ አይደለችም። ባል ስላማረረ ብቻ ሚስት ሆርሞን አትቀባም። አንድ ሰውዬ «ለባለቤቴ የሚሆን ማነቃቂያ» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ባለቤቱ ራሷ ትምጣና ትንገረኝ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜም አትመጣም።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በነበረበት ቀን፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ሴት ገብታ ወንዶቹ ደንበኞች እስኪወጡ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለሉ ፓኬቶች አውጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ። ልጇ ከውጭ የላከችላት የቴስቶስቴሮን ጄል ነበር፤ በየጠዋቱ አንድ ፓኬት እንድትቀባ ተነግሯታል። ጽሑፉን አነበብኩላት፤ አንዱ ፓኬት 50 ሚሊ ግራም የያዘ ለወንድ የአንድ ቀን መጠን ነው።

«እህቴ፣ ይህ የተሠራው ለወንድ ነው» አልኳት። «ለሴት ሐኪም ቢያዝልዎት እንኳ በቀን 5 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ይህ አንዱ ፓኬት ለእርስዎ የአሥር ቀን ነው።»

ልኩ በቃል ብቻ እንደማይገባት ስላወቅሁ፣ መርፌው በሌለበት ትንሽ ሲሪንጅ ተራ የማለስለሻ ጄል ሳብኩና ከአንድ ቀን ልኳ ጋር እኩል የሆነ ግማሽ ሚሊ ሊትር በእጇ ጀርባ ላይ ጨመቅሁላት። ከባቄላ ፍሬ ያነሰች ጠብታ ነበረች። «ይቺ ብቻ?» ብላ ቀና አለችና የደረደረቻቸውን ፓኬቶች ተመልሳ አየች። ከዚያ ለምን እንደፈለገችው ጠየቅኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ፍላጎቷ የጠፋው ስለሚያማት መሆኑን ነገረችኝ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለልጇም ያለቻት «ደክሞኛል» ብቻ ነው።

የዚች ሴት ችግር መነሻው ቴስቶስቴሮን አልነበረም። ኢስትሮጅን ሲቀንስ የብልት ግድግዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ይላጣል፤ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ያስመጣል። የሚያመውን ነገር ደግሞ አካል አይመኝም። ይህን የሚያክመው በቦታው የሚቀባ ወይም የሚደረግ አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን ነው፤ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለአብዛኞቹ ሴቶች የሚስማማ ነው፤ የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ግን አስቀድማ ሐኪሟን ታማክራለች። በእኛ መደርደሪያ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ይህ ያሳዝነኛል፤ ሲጠፋም በውኃ የሚሟሟ ማለስለሻና የብልት ማርጠቢያ እስከዚያው ድረስ ሕመሙን ይቀንሳል። እሷን ወደ ማህፀንና ጽንስ ሐኪም ላክኋት፤ ፓኬቶቹንም ይዛ እንድትሄድና እንድታሳይ ነገርኳት።

ድርቀቱ ታክሞ፣ ሙቀቱና የሌሊት ላቡም አስፈላጊ ከሆነ በኢስትሮጅን ተረጋግቶ፣ ፍላጎት ካልተመለሰ ነው የቴስቶስቴሮን ተራ የሚመጣው። የብሪታንያ መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው፤ የሆርሞን ሕክምና ብቻውን ካልበቃ ቴስቶስቴሮን ይታሰብ። ከዚያ በፊት ግን የሚጣሩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ለድብርት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ፍላጎትን ይቀንሳሉ። በአፍ የሚዋጥ ኢስትሮጅን በደም ውስጥ ቴስቶስቴሮንን የሚይዘውን ፕሮቲን ስለሚያበዛ ነፃ ሆኖ የሚሠራውን ያሳንሰዋል፤ በቆዳ የሚሰጠው ይህን ችግር አያመጣም። የተቀየመ ትዳር፣ ሌሊት የሚያስነሣ በሽተኛ፣ ከልጆችና ከልጅ ልጆች ጋር የሚጋሩት አንድ ክፍል ደግሞ በክሬም የሚፈቱ ነገሮች አይደሉም። ጠያቂዎቼ ስለ እነዚህ ሲነግሩኝ ከመድኃኒቱ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ እንሰጣቸዋለን።

ለሴት ተብሎ የተመጠነ ምርት ለምን እንደማይገኝ የሚጠይቁኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንትሪንሳ የተባለው በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት በአሜሪካ ለአማካሪ ኮሚቴ ቀርቦ ስለ ረጅም ጊዜ ደኅንነቱ የቀረበው መረጃ በቂ አይደለም በሚል ድጋፍ አላገኘም። አውሮፓ በ2006 ፈቀደችው፤ በቀን 300 ማይክሮ ግራም የሚለቅ ነበር፤ በ2012 ግን ከገበያ ወጣ። በ2020 አውስትራሊያ አንድ በመቶ ቴስቶስቴሮን ያለው አንድሮፌም የተባለ ክሬም ለሴቶች ፈቀደች። በብዙ አገሮች ግን ሐኪሞች የሚያዙት ለወንድ የተሠራውን ጄል አሳንሰው ነው። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ፓኬትም ይኸው ነው፤ መጠኑን የሚያሳንሰው የሐኪም ትእዛዝ ግን አብሮት አይመጣም፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በጡንቻ የሚወጋውን 250 ሚሊ ግራም አምፑል ደግሞ ላረጠች ሴት አስቡት ማለት እንኳ አልፈልግም። እሱም ሆነ ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ጠጣር እንክብል ለሴት ከሚገባው በላይ መጠን ይሰጣል፤ አንዴ ከገባ በኋላም አይወጣም፤ ጉዳቱ ቢታይም መድኃኒቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ይሆናል። የሚዋጠውም መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ስለሚያደርግ አይመከርም። በቆዳ በልክ ሲሰጥ ብጉርና የፀጉር መብቀል ሊመጣ ይችላል። ከልክ ሲያልፍ ግን የራስ ፀጉር ይሳሳል፣ ቂንጥር ይተልቃል፣ ድምፅ ይጎረንናል፤ የጎረነነ ድምፅ መድኃኒቱ ቢቆምም ላይመለስ ይችላል። ዘፋኝ፣ ዘማሪ ወይም መምህርት ለሆነች ሴት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። የደኅንነቱ ጥናትም ከ24 ወራት ብዙ አያልፍም፤ የጡት ካንሰር የነበረባቸው ሴቶችም በጥናቶቹ ውስጥ አልተካተቱም።

የሚቀባበትን ቦታ በተመለከተ አንድ ነገር ሁልጊዜ እናገራለሁ። በእኛ ሰፈር አያት የልጅ ልጇን ታዝላለች፣ ታቅፋለች፣ አብራ ታስተኛለች። ጄሉ በክንድ፣ በትከሻ ወይም በደረት ላይ ከተቀባ በንክኪ ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል፤ በሕፃናት ላይ ያለ ዕድሜ የጉርምስና ምልክት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በላይኛው ጭን የውጭ ገጽ ወይም በመቀመጫ ላይ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ይቆያል፤ በልብስ ይሸፈናል፤ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ቦታውንም በየቀኑ መቀያየር በአንድ ስፍራ ፀጉር እንዳይበዛ ይረዳል።

ሌላው የገንዘብ ነገር ነው። «ቴስቶስቴሮኔን ተመርምሬ ዝቅ ካለ ልጀምር» የሚሉኝ አሉ። የሴት ፍላጎት መጥፋቱ በደም ውጤት አይታወቅም፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያላት ሴት ደኅና ልትሆን፣ ከፍተኛ ያላት ደግሞ ልትጨነቅ ትችላለች። ምርመራው የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት መነሻው መጠን እንዲታወቅ፣ ከተጀመረ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ መጠኑ ከልክ እንዳላለፈ ለማየት፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ። ስድስት ወር ሙሉ በትክክል ተቀብታ ለውጥ ያላየች ሴት ታቆማለች፤ ትንሽ ልጨምርበት ማለት አያስፈልግም።

ለመጠየቅ ያሰባችሁ ሴቶች፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ባህላዊውንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የመጨረሻው የወር አበባ መቼ እንደነበረ፣ ቀዶ ሕክምና ካለ ምን እንደወጣ፣ በቤተሰብ የጡት ካንሰር መኖር አለመኖሩን ጽፋችሁ ያዙ። በግንኙነት ጊዜ ሕመም ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ንገሩት፤ ባለሙያው ካልጠየቃችሁም እናንተ ጀምሩት።