የተልባ እግር ፍለጋ፦ ከኖርማንዲ እስከ ኮርትሬይክ

ከሩዋን፣ ከሰሜን ፈረንሳይዋ የኖርማንዲ ከተማ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስንወጣ ግራ ቀኙ የተነቀለ ተልባ ነው። ሐምሌ ላይ ሰማያዊውን አበባ አላገኘሁትም፤ ሰኔ መግቢያ ላይ ጠዋት እየፈካ፣ እኩለ ቀን ገደማ እየረገፈ አልፏል። አሁን ያለው በመስመር የተነጠፈ፣ ከቢጫ ወደ ግራጫ የሚሄድ አገዳ ነው።

እኛ ተልባን የምናውቀው በምጣድና በሙቀጫ ነው፤ የምንዘራውም ለፍሬው። ጨርቁን ግን የመጽሐፍ ቅዱሳችን አማርኛ በደንብ ሰይሞታል፦ የተልባ እግር። ቃጫው ልጡ ውስጥ ሆኖ የመሐሉን እንጨት ከቦ እስከ ሥሩ ይወርዳል። ስለዚህ አይታጨድም፣ ይነቀላል፤ ማጭድ ከነካው ርዝመቱ ይባክናል።

በመጋቢት ሲዘሩት አጠጋግተው ነው፤ በካሬ ሜትር ከ1,500 በላይ ተክል ይቆማል። መተፋፈጉ ቅርንጫፍ ከልክሎ 1 ሜትር ያህል ቀጥ ያደርገዋል። ናይትሮጅን ከበዛበት ግን ይልፈሰፈስና ዝናብ ሲመታው ይተኛል። ማሳው ላይ የሚመለሰው ከ6 ወይም ከ7 ዓመት በኋላ ነው፤ አጠውላጊው ፈንገስ አፈር ውስጥ ይቆያልና።

ጨርቁ የሚያምረውም የሚበላሸውም የተነቀለው አገዳ መሬት ላይ በሚተኛባቸው ሳምንታት ነው። ጤዛና ዝናብ ሲያገኘው የአፈር ፈንገሶች ቃጫውን ከእንጨቱ ያጣበቀውን ሙጫ ይበላሉ። እንደ አየሩ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ላይና ታቹ እኩል እንዲበስል መሐል ላይ ይገለበጣል። ፀሐይ ብቻ ከሆነ ሥራው ይቆማል። ዝናቡ ካላባራ ፈንገሱ ወደ ቃጫው ይዞርና እጅ ላይ ይበጣጠሳል። ቀድሞ የተነሣው ደግሞ እንጨቱን አልለቅ ይላል። ከማሳው ዳር አንድ አገዳ አንሥቼ ሦስት ቦታ ቀነጠስኩና ሳብኩት፦ ከሥሩ በኩል እንጨቱ ተሰባብሮ ረገፈ፣ ከጫፉ ግን እንደተጣበቀ ቀረ። ገና ነው። ሲደርስም ደርቆ ካልተጠቀለለ ይሻግታል።

ቤልጂየም፣ ኮርትሬይክ ላይ፣ በጤዛው ፈንታ ነዶውን በእንጨት ሣጥን ጠቅጥቀው፣ ድንጋይ ጭነው ሌዬ ወንዝ ውስጥ ይዘፈዝፉት ነበር። ቃጫው ወርቃማ ይወጣል፣ ወንዙ ግን ይከረፋል፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ተከለከለ።

በእጅ ሲሠራ ቀሪው የጉልበት ሥራ ነው፦ በመስበሪያው እንጨቱን ማድቀቅ፣ በእንጨት ሰይፍ እየገረፉ ስንጥሩን ማራገፍ፣ ከዚያ ከሻካራው ወደ ደቃቁ በብረት ሚዶ ማበጠር። ሚዶው ላይ የሚቀረው አጭሩ ቃጫ ለገመድና ለወፍራም ጨርቅ ይሆናል። ረጅሙ ሲፈተል ፈታይዋ ጣቷን ታረጥባለች፤ የቀረው ሙጫ ይለሰልስና ክሩን ያስተኛዋል። በደረቁ የተፈተለው ፀጉራም ነው።